ካምሻፍቱን ምን በላው?

ልጄ ከትምህርት መልስ ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ እየደረደረ ለሁለት ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ አንድ ቅዳሜ ከቤት ወጣ። ሲመለስ በጎታች መኪና የተጫነች ቢጫ መኪና አስከትሎ ነበር። ሁለት በር፣ ረጅም አፍንጫ፣ ጎማዎቿ የተነፈሱ፣ ወንበሮቿ አቧራ የለበሱ። እ.ኤ.አ. በ1977 የተሠራች ዳትሰን 280ዜድ ናት። ልጄ 18 ዓመቱ ነው፤ መኪናዋ ግን ከእኔ ጋር ብትወዳደር በዕድሜ ብዙም አታንሰኝም።

ባለቤቴ በመስኮት አይታ «የዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ይህ ሆነ?» አለች። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን የትዕግሥት አልነበረም፤ ተናድጄ ነበር።

በዚያው ሰሞን አባቴ ከአዲስ አበባ ወደ ሎስ አንጀለስ ለሦስት ወር ሊጠይቁን መጡ። 79 ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ መካኒክ ነበሩ፤ ፊያት 600 ታክሲ፣ ፔጆ 404፣ ቮልስ፣ በኋላም ላዳ በእጃቸው ያላለፈ የለም። እኔን ግን ጋራዥ አስገብተውኝ አያውቁም። «እኔ እጄን ዘይት ውስጥ የምነክረው አንተ እስክሪብቶ እንድትይዝ ነው» ይሉኝ ነበር። እንዳሉትም ሆነ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ሆንኩ። ቡሎንና ዳዶ የምለየው በስም ብቻ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግራችሁ የሞተር ጉዳይ ሁሉ በዚያ ክረምት ከአባቴና ከልጄ የተማርኩት ነው። ነገሩ አንድ ካምሻፍት ስለመምረጥ ነው። በቤታችሁ አሮጌ መኪና የሚወድ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካለ ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ።

የሚተኩሰው ሞተር

ልጄ ባትሪ ቀይሮ፣ አሮጌውን ቤንዚን አፍስሶ፣ ካንዴላዎቹን አጽድቶ በሦስተኛው ቀን ሞተሩን አስነሳው። ተነሣ። ግን እንደ ልብስ ስፌት መኪና ቋ ቋ ቋ ይላል፤ ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ በአየር ማስገቢያው በኩል «ጧ!» ብሎ ይተኩሳል።

አባቴ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጡ ነበር። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ጆሯቸውን ወደ ጋራዡ አዘነበሉ። ከዚያ ተነሥተው ሄዱና «አጥፋው» አሉት። «አንዱ የጭስ ቫልቭ በደንብ አይከፈትም። የተቃጠለው ጭስ መውጫ ሲያጣ በመጣበት ይመለሳል። ክዳኑን ክፈት።»

የቴስታታው ክዳን ሲነሣ ካምሻፍቱ ታየ። ይህ ሞተር ስድስት ሲሊንድር በአንድ መስመር የተደረደሩበት ባለ 2.8 ሊትር ነው፤ ካምሻፍቱ ከላይ ይቀመጥና በካቴና ይዞራል። ክራንክሻፍቱ ሁለቴ ሲዞር ካምሻፍቱ አንዴ ይዞራል። ላዩ ላይ 12 ጉብታዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንድር አንድ የአየር መግቢያ፣ አንድ የጭስ መውጫ። እያንዳንዱ ጉብታ ሲዞር ሮከር የሚባለውን ብረት ይገፋል፣ ሮከሩም ቫልቩን ይከፍታል። ሞተር መቼ እንደሚተነፍስ፣ ምን ያህል እንደሚተነፍስ የሚወስነው የጉብታው ቅርጽ ነው።

አባቴ ከሻንጣቸው ማይክሮሜትር አወጡ። አዎ፣ የልጅ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ ማይክሮሜትር ይዘው መጥተዋል። የጉብታዎቹን ከፍታ አንድ በአንድ ለኩ፤ ልጄ ጻፈ። አብዛኞቹ ወደ 7 ሚሊሜትር ያህል ይገፋሉ። የአራተኛው ሲሊንድር የጭስ ጉብታ ግን 5 እንኳ አይሞላም። ጫፉ ተበልቶ ክብ ሆኗል። በላዩ የሚሄደው ሮከርም በጥፍር የተቧጠጠ ይመስላል።

«ካምሻፍት መግዛት አለብን» አለ ልጄ።

«እንገዛለን» አሉ አባቴ። «በመጀመሪያ ግን ምን በላው?»

ልጄ የሚፈልገው፣ እኔ የማልፈልገው

ልጄ ያን ጥያቄ አልሰማውም፤ ስልኩን አውጥቶ ካምሻፍት መፈለግ ጀምሮ ነበር። ማታ እራት ላይ ምን እንደሚፈልግ አሳየን። ለውድድር የተሠራ ካምሻፍት ነው። የተገጠመለት መኪና ቆሞ ሲሠራ «ዱብ... ዱብ ዱብ... ዱብ» ይላል፤ ልክ ልቡ እንደታመመ ሰው። ልጄ ይህን ድምፅ ሲሰማ ፊቱ ይበራል።

ስለ መኪናዋ ታሪክ ሲጠየቅ ደግሞ በቃሉ ይወርደዋል። የመጀመሪያዋ 240ዜድ እ.ኤ.አ. በ1969 መጨረሻ መታየቷን፣ በአሜሪካ የኒሳንን ሥራ ከዚሁ ከሎስ አንጀለስ አካባቢ ሆነው ይመሩ የነበሩት ዩታካ ካታያማ በጃፓን የተሰጣትን «ፌርሌዲ» የሚል ስም ለአሜሪካ ገበያ አንሥተው 240ዜድ እንድትባል ማድረጋቸውን፣ 280ዜድ ስትመጣ ካርቡራተሩ ቀርቶ በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ መግባቱን ይተርካል። አባቴ በጥሞና ያዳምጡታል። እኔ ግን የምሰማው የዋጋውን ቁጥር ብቻ ነበር።

«የውድድር ዕቃ አይገባም» አልኩት። «በነሐሴ ዩኒቨርሲቲ ትገባለህ። ርካሹን፣ የድሮውን ዓይነት ትገዛና ነገሩ እዚህ ጋ ያበቃል።»

«ገንዘቡ የኔ ነው፣ አባዬ።»

«ቤቱ የኔ ነው።»

ይህን ስል ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አባቴ ወደ ሳህናቸው አቀረቀሩ። ልጄ ተነሥቶ ክፍሉ ገባ፤ ለአራት ቀን «ደህና አደርክ»ና «ደህና እደር» ብቻ ሆነ ንግግራችን።

በእነዚያ አራት ቀናት ብልህ የሆንኩ መስሎኝ አንድ ነገር አደረግሁ። ለማንም ሳልናገር ያገለገለ ካምሻፍት በ90 ዶላር ገዛሁ። ሻጩ «ከዜድ መኪና የወጣ ነው፣ ልክክ ብሎ ይገጥማል» አለኝ። ጉብታዎቹን በእጄ ዳሰስኳቸው፤ ለስላሳ ናቸው። እጥፉን ገንዘብ አተረፍኩ፣ ጭቅጭቁንም ዘጋሁ ብዬ ደስ እያለኝ ቤት ገባሁ። ጋራዡ ውስጥ ለአባቴ ሰጠኋቸው።

አባቴ አዙረው አዩት። ምንም አላሉኝም። ልጄን ጠሩትና አሮጌውንና እኔ ያመጣሁትን ጎን ለጎን ጨርቅ ላይ አስቀምጠው «ልዩነቱን ፈልግ» አሉት።

ልጄ ለኩ ያሉትን ለካ፤ ርዝመቱ አንድ፣ ውፍረቱ አንድ። ባትሪ አብርቶ ሲያገላብጥ ቆየና ድንገት «ቀዳዳ!» አለ። «አባባ፣ ይኼኛው ቀዳዳ የለውም!»

ቀዳዳው

በዚህ ሞተር ቤተሰብ ውስጥ ዘይት ወደ ጉብታዎቹ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። በአንዱ ዓይነት ከካምሻፍቱ በላይ የተዘረጋ ቀጭን ቱቦ ዘይት ያዘንባል፤ ስለዚህ ካምሻፍቱ ራሱ ቀዳዳ አያስፈልገውም። በሌላው ዓይነት ካምሻፍቱ ውስጡ ክፍት ነው፤ ዘይቱ በሆዱ አልፎ በየጉብታው ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። የእኛ ሁለተኛው ነው፤ ቱቦ የለውም። እኔ የገዛሁት ለመጀመሪያው ዓይነት የተሠራ ነበር።

ሻጩ አልዋሸኝም። ልክክ ብሎ ይገጥም ነበር። ሞተሩም ይነሣ ነበር። ከዚያ ግን 12ቱም ጉብታዎች ያለ ዘይት ሲፋጩ ውለው ብዙም ሳይቆዩ ይበላሉ።

አባቴ ያን ጊዜ ነው አሮጌውን አንሥተው የአራተኛውን ሲሊንድር የጭስ ጉብታ ያሳዩን። ቀጭን ሽቦ ወደ ቀዳዳው ሰደዱ፤ አልገባም። የደረቀ ዘይት እንደ ሬንጅ ደፍኖታል። ሌሎቹ ቀዳዳዎች ያስገባሉ። «አያችሁ» አሉ፣ «መኪናዋ ለዓመታት ቆማለች፤ የቆመችውም ዘይቷ ሳይቀየር ነው። ይህን ሳናይ አዲስ ብንገጥም ኖሮ፣ ያው ቆሻሻ ዘይት አዲሱንም ይደፍነው ነበር። ዕቃ ከመቀየርህ በፊት አሮጌውን ምን እንደበላው ጠይቅ። መልሱን ካላገኘህ የገዛኸው ዕቃ ሳይሆን ቀጠሮ ነው።»

እኔ ቀዳዳ የሌለውን ካምሻፍት ይዤ ቆሜያለሁ። ልጄ አየኝ። ይስቅብኛል ብዬ ስጠብቅ «አባዬ፣ እኔም ብሆን አላየውም ነበር» አለኝ። ከአራት ቀን በኋላ የተናገረኝ የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው።

አንዲት ክዳን

የውድድሩ ካምሻፍት ጉዳይ ግን አልተዘጋም ነበር። ልጄ በማግሥቱ ጋራዥ ውስጥ እንደገና አነሣው፤ ቀዳዳ ያለው የውድድር ካምሻፍትም አለ። እኔ አፌን ልከፍት ስል አባቴ በዓይናቸው ገሠጹኝና ልጄን ጠየቁት፦

«ካርቡራተር የላትም አልከኝ። ታዲያ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭ በምን ታውቃለች?»

ልጄ አጥንቷልና መለሰ። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የነደፈው ኤል-ጄትሮኒክ የሚባል ዘዴ ነው። «ኤል» ሉፍት ከሚለው የጀርመን ቃል የመጣ ነው፤ አየር ማለት ነው። አየር ወደ ሞተሩ ሲገባ በመንገዱ ላይ ያለች በስፕሪንግ የተያዘች ክዳን ይገፋል። ክዳኗ ምን ያህል እንደተከፈተች አይቶ ኮምፒዩተሩ የቤንዚኑን መጠን ይወስናል።

«አሳየኝ።»

ልጄ የአየር ማጣሪያውን ፈታ። አባቴ ክዳኗን በጣታቸው ጫፍ ነኳት፤ እንደ ድመት ጆሮ ለስላሳ ናት። «እንግዲህ አስብ» አሉት። «የምትወደው ካምሻፍት ድምፁ ለምን ይንገዳገዳል? ቫልቮቹን ረጅም ጊዜ ከፍቶ ስለሚያቆይ ነው። ጭሱ ሳይወጣ መግቢያው ይከፈታል፤ ሁለቱም በአንድ ላይ ክፍት ሆነው ይቆያሉ። በፍጥነት ስትሮጥ ይህ ይጠቅምሃል፤ የሚወጣው ጭስ የሚገባውን አየር ይስበዋል። በሚኒሞ ላይ ግን ጭሱ ወደ መግቢያው ይመለሳል፣ አየሩ ወዲያና ወዲህ ይላል። ያን ጊዜ ይህቺ ክዳን ምን ትሆናለች?»

ልጄ ክዳኗን በጣቱ ወዲያና ወዲህ አርገበገባት። «ትንቀጠቀጣለች።»

«ኮምፒዩተሩስ?»

ልጄ ዝም አለ። መልሱን ግን ያውቀዋል። ክዳኗ ስትንቀጠቀጥ ኮምፒዩተሩ የተሳሳተ መልእክት ይደርሰዋል፤ አንዴ ቤንዚን ያበዛል፣ አንዴ ያሳንሳል። ካርቡራተር ቢሆን አባቴ ቀዳዳውን በመቀየር ያስተካክሉት ነበር። ይህ ኮምፒዩተር ግን የዛሬዎቹን ዓይነት በላፕቶፕ የሚታረም አይደለም፤ ፋብሪካ የሰጠውን ይዞ የሚኖር ነው። ትልቅ ካምሻፍት የሚፈልግ ሰው ኮምፒዩተሩንና የአየር መለኪያውን አብሮ መቀየር አለበት፣ የቫልቭ ስፕሪንጎቹንም እንዲሁ፤ ብዙውን ጊዜ የጭስ ማውጫውንም። የአንድ ዕቃ ዋጋ መስሎት የጀመረ ልጅ የሙሉ ሞተር ዋጋ ይከፍላል።

ሌላም ነገር ነበር፤ ይህን ያመጣው ልጄ ራሱ ነው። በካሊፎርኒያ ከ1976 ወዲህ የተሠሩ የቤንዚን መኪናዎች በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ማለፍ አለባቸው። 1975 ቢሆን ኖሮ ነፃ ነበረች፤ የእኛዋ ግን 1977 ናት። በእኛ አካባቢ እንዲህ ያሉ አሮጌ መኪናዎች የሚመረመሩት በሚሽከረከር በርሜል ላይ ወጥተው፣ በሰዓት 15 እና 25 ማይል እየሮጡ ነው። ሁለቱም ቫልቮች በአንድ ላይ ተከፍተው ሲቆዩ ያልተቃጠለ ቤንዚን በማርሚታው ይወጣል፤ መሣሪያው ደግሞ የሚለካው ይህንኑ ነው። ከዚህም ሌላ ከፋብሪካው የተለየ ካምሻፍት መንገድ ላይ ለሚሄድ መኪና የሚፈቀደው የክፍለ ሀገሩ የአየር ሀብት ቦርድ ቁጥር ከሰጠው ብቻ ነው። ፋብሪካው ከሠራው ጋር አንድ ለሆነ መተኪያ ግን ይህ አያስፈልግም።

አባቴ አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጡት። «ይህ መኪና ለምን ሥራ እንደሆነ ጻፍ። ከዚያ ምረጥ። የምትመርጠው አንተ ነህ።» ወደ እኔም ዞረው «አንተም ወረቀቱን አታይም» አሉኝ። እኔ የ48 ዓመት ሰው ነኝ፤ ግን አላየሁም።

ምርጫው

በማግሥቱ ልጄ ወረቀቱን ይዞ መጣ። የጻፈው አጭር ነው፦ ከቤት ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ በሳምንት አንድ ቀን ወደ ቤት፣ የጭስ ምርመራ ማለፍ፣ በባሕር ዳርቻው መንገድ መንዳት። የተወዳደሩት ሦስት ነበሩ።

አንደኛው ከአሮጌ መኪና የወጣ፣ ቀዳዳ ያለው ካምሻፍት ነው። ርካሽ ነው። ግን ጉብታና ሮከር አብረው ሲሠሩ ኖረው አንዱ የሌላውን ቅርጽ ይይዛሉ፤ የራሱ ሮከሮች በየተራቸው ካልመጡ አይታመንም።

ሁለተኛው በአነስተኛ መጠን የተለወጠ ካምሻፍት ነው። ልጄ ለእሱ ልቡ ነበር። ግን የቦርዱን ቁጥር የያዘ ለዚህ መኪና ስላላገኘ ተወው።

ሦስተኛው እንደገና ተሞርዶ ወደ ፋብሪካው ቅርጽ የተመለሰ፣ የዘይት ቀዳዳዎቹ የተጠረጉለት ካምሻፍት ነው፤ ከ12 አዲስ ከተሠሩ ሮከሮች ጋር። ዋጋው ከ500 ዶላር በላይ ነበር። ሲሞረድ የብረቱ ወገብ ትንሽ ስለሚቀጥን፣ ከቫልቮቹ ጫፍ ላይ የሚቀመጡት ትናንሽ ንጣፎች በወፍራም መተካት አለባቸው። ልጄ ይህንንም ጠይቆ ነበር፤ ሻጩ ስለ ንጣፉ የመለሰለትን ጽፎታል።

የመረጠው ሦስተኛውን ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን «የድሮውን ዓይነት ትገዛለህ» ብዬው የነበረው መሆኑ ነው። ልዩነቱ ያን ቀን እኔ ስለ ምክንያቱ ምንም አለማወቄ ነው፤ ርካሹን ባልኩትም ላይ ተሳስቼ ነበር።

ከአልጋ ርብራብ የተሠራ ሽብልቅ

ካምሻፍቱ እስኪደርስ አባቴና ልጄ ሞተሩን አጸዱት፤ ዘይትና ማጣሪያውን ሁለት ጊዜ ቀየሩ፣ በቴስታታው ውስጥ ያሉትን የዘይት መንገዶች ጠረጉ። አባቴ «ካቻቢቴ» ይላሉ፣ ልጄ «ስክሩድራይቨር» ይላል፤ «ካቴና» ሲሉት «ቼይን» ይላቸዋል። ሁለቱም አንድ ዓይነት የሚጠሩት ካምሻፍቱን ብቻ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ልጄ «ካቴናውን ያዝልኝ» ሲለኝ ሰማሁት።

በዚህ ሞተር ላይ ካምሻፍት ሲወጣ የሚፈራ ነገር አለ። ካቴናው ሲላላ ከታች የሚወጥረው መሣሪያ ወደ ፊት ይዘልቃል፤ አንዴ ከወጣ የሞተሩን የፊት ክዳን ሳያወርዱ አይመለስም። መፍትሔው የእንጨት ሽብልቅ ነው፤ በካቴናው ሁለት ጎን መካከል ወደ ታች ይገባና ወጥሮ ይይዘዋል። አባቴ ከአሮጌ የአልጋ ርብራብ ጠርበው ሠሩት፤ በገመድም አሰሩት፣ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ። ባለቤቴ 12 እንቁላል የሚይዝ ባዶ ካርቶን አመጣችላቸው፤ ሮከሮቹና ንጣፎቹ በየቁጥራቸው እዚያ ተቀመጡ።

ካምሻፍቱን የተሸከሙትን አምስት ምሶሶዎች እንዳይነኩ አባቴ ደጋግመው አስጠነቀቁ። ምሶሶዎቹ ከቴስታታው ጋር አንድ ላይ የተቦረቦሩ ናቸው፤ ከተነሡ በኋላ ቀጥታቸውን መመለስ አስቸጋሪ ነው። አዲሱን ካምሻፍት በምሶሶዎቹ ውስጥ ቀስ አድርገን ስናንሸራትት እኔ ባትሪ ያዥ ነበርኩ። ከዚያ ምልክቶቹን ማጋጠም መጣ። የካቴናው ጥርስ ላይ 1፣ 2፣ 3 የተጻፈባቸው ሦስት ቀዳዳዎች አሉ፤ ካቴና ሲያረጅ ስለሚረዝም ቀዳዳውን በመቀየር ጊዜው ይታረማል። የእኛው ሁለተኛው ላይ ልክ መጣ።

ልጄ የሮከሮቹን ፊት በሰማያዊ ማርከር ቀብቶ ሞተሩን በእጅ አዞረ። ጉብታው የጠረገው ቦታ የሮከሩ መሐል ላይ መሆን አለበት፤ ወደ ጫፍ ከሄደ ንጣፉ ይቀየራል። ክፍተቱንም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ለመግቢያው 0.20፣ ለጭሱ 0.25 ሚሊሜትር አደረገ። አባቴ ከኋላው ቆመው አንዱንም አልነኩም። በሰባተኛው ላይ ብቻ «እስቲ እንደገና» አሉት። እንደገና ለካ፤ ተሳስቶ ነበር።

ሃያ ደቂቃ

አዲስ ካምሻፍት ዕድሜው የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ነው። ጉብታዎቹ በወፍራም ቅባት ይቀባሉ፤ ዚንክና ፎስፈረስ ያለው ዘይት ይሞላል። ካንዴላዎቹ ወጥተው ሞተሩ በሞተሪኖ ይዞራል፣ የዘይቱ ግፊት እስኪታይ። ከዚያ ሲነሣ ወዲያውኑ በደቂቃ ወደ 2,000 ዙር ይደረጋል እንጂ በሚኒሞ አይተውም፤ በሚኒሞ ላይ ጉብታዎቹ የሚያገኙት ዘይት ጥቂት ነው።

አባቴ ወንበር አስመጡና የእጅ ሰዓታቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ልጄ ቁልፉን አዞረ። በሁለተኛው ሙከራ ተነሣች። ቋ ቋታው የለም። ተኩሱም የለም። እኩል የሆነ፣ ወፍራም የስድስት ሲሊንድር ድምፅ ብቻ። ለሃያ ደቂቃ ማንም አልተነጋገረም፤ ባለቤቴም ከኩሽና ወጥታ እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩ ላይ ቆመች። ሰዓቱ ሲሞላ አባቴ እጃቸውን አነሡ፣ ልጄ አጠፋት።

«አይንገዳገድም» አልኩት ልጄን፣ ድምፁን ማለቴ ነው።

«አዎ» አለ። «ግን ሁሉም ይተነፍሳል።»

በሳምንቱ ለጭስ ምርመራ ወሰዳት፤ አለፈች።

ለእናንተም ቤት

አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ቦታ ካምሻፍት መቀየር ቢያስፈልጋችሁ አባቴ ያስተማሩን ጥያቄዎች አይለወጡም። አሮጌውን ምን በላው? ዘይቱ ወደ ጉብታዎቹ የሚደርሰው በምን መንገድ ነው፣ አዲሱስ ከዚያ መንገድ ጋር ይስማማል? ሮከሮቹ አብረው ተቀይረዋል? መርጫውና ኮምፒዩተሩ የሚያውቁት ካምሻፍት ነው ወይስ ሌላ? መኪናው የሚውለው ለምንድን ነው? እነዚህን የማይመልስ ሻጭ «ይገጥማል» ቢላችሁ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ መግጠምና መሥራት ግን ይለያያሉ።

ከልጆቻችሁ ጋር በመኪና ጉዳይ ከተጣላችሁ ደግሞ፣ አያት ካለ አያትን ጥሩ። እኔ ትእዛዝ ስሰጥ ልጄ አልሰማኝም፤ አባቴ ጥያቄ ሲሰጡት ራሱ ሄዶ መለሰ። ጊዜ ይፈጃል። የእኛ አምስት ሳምንት ፈጀ።

አባቴ በነሐሴ መጨረሻ ተመለሱ። ካምሻፍቱን የሞረደልን ሰው አሮጌውን ብንመልስለት 75 ዶላር ይሰጠን ነበር፤ ልጄ ግን ገንዘቡን ትቶ የተበላውን ካምሻፍት ለአያቱ ሰጣቸው። በጋቢያቸው ጠቅልለው ሻንጣቸው ውስጥ አደረጉት። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፈታሾቹ አስከፍተው «ይህ ምንድን ነው?» ሲሏቸው፣ እንግሊዝኛ ብዙም የማይሞክሩት አባቴ ቀና ብለው «ካምሻፍት» አሉ። ፈታሹ ገባው፤ ዘጋላቸው።

የ90 ዶላሩ፣ ቀዳዳ የሌለው፣ እስካሁን በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ይይዝልኛል።